ታች የሌለው ባልዲ፦ የስኳር ቀለበትና ሰርፋክታንት በሥዕልና በውኃ ውስጥ

በፋርማሲ መማሪያ መጻሕፍት፣ በመድኃኒት አምራቾች በራሪ ጽሑፎችና በሳይንሳዊ ጉባኤዎች ማብራሪያ ላይ ሳይክሎዴክስትሪን ስለሚባለው የስኳር ቀለበት በተነሣ ቁጥር አንድ ሥዕል አይጠፋም። ሥዕሉ አፉ ሰፋ፣ ታቹ ጠበብ ያለ ባልዲ ያሳያል። ከባልዲው በስተግራ ረጅም ጅራት ያለው ሞለኪውል ይታያል፤ በመካከላቸው ቀስት አለ፤ ከቀስቱ ወዲያ ጅራቱ ባልዲው ውስጥ ገብቶ ተቀምጧል። ሥዕሉ ቀላል፣ ግልጽና ለማስታወስ የሚመች ነው። የገባው ነገር ገብቶ የቀረ፣ የተከደነና እስከ ታለመለት ቦታ ድረስ ማንም ሳይነካው የሚጓዝ ያስመስለዋል፤ ስንቅ የያዘ አገልግል እንደማለት ነው።

ሥዕሉ ሐሰት ነው ማለት አይቻልም። ይሁን እንጂ ከሚያሳየው ይልቅ የሚሸፍነው ይበልጣል፤ የሚሸፍነውም ነገር ኬሚስቱን ብቻ ሳይሆን መድኃኒቱን የሚያዘውን፣ የሚበጠብጠውንና የሚሰጠውን ባለሙያ ጭምር የሚመለከት ነው። ጉድለቱ ጎልቶ የሚታየው ቀለበቱ ሰርፋክታንት ከሚባሉት ሳሙና መሰል ሞለኪውሎች ጋር በውኃ ውስጥ ሲገናኝ ስለሆነ፣ ትችቱን ከዚያ መጀመር ተገቢ ይሆናል።

አስቀድሞ ግን ለቀለበቱ የሚገባውን መስጠት ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1891 ፈረንሳዊው ቪሊየር የድንች ስታርችን በባክቴሪያ አብላልቶ ከ1000 ግራም ስታርች 3 ግራም ያህል ያልታወቀ ክሪስታል አገኘ። በሃያኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ላይ ኦስትሪያዊው የባክቴሪያ ተመራማሪ ሻርዲንገር ይህንኑ ክሪስታል እንደገና አግኝቶ ዓይነቶቹን ለየ። ዛሬ እንደሚታወቀው አልፋ የሚባለው ዓይነት ከ6፣ ቤታ ከ7፣ ጋማ ደግሞ ከ8 የግሉኮስ ሞለኪውሎች የተሠራ ክብ ሰንሰለት ነው። የክቡ ውጫዊ ገጽ ውኃ ይወዳል፤ ውስጡ ግን ውኃን እምብዛም አይስብም። የቤታ ቀለበት የውስጥ ስፋት ከ0.60 እስከ 0.65 ናኖሜትር፣ ቁመቱም 0.79 ናኖሜትር ያህል ነው፤ አንድ ናኖሜትር የሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ መሆኑ ይታወቃል። ባልዲ የሚለው ምሳሌ የመጣው ከዚህ ቅርጽ ነው። ሆኖም ሠዓሊዎቹ ብዙ ጊዜ የሚዘነጉት አንድ ነገር አለ፦ ባልዲው ታች የለውም። ከላይ የገባ ከታች ሊወጣ፣ ከታችም ሊገባ ይችላል።

ሰርፋክታንት ለጤና ባለሙያ እንግዳ ነገር አይደለም። ሳሙና ሰርፋክታንት ነው፤ በሳቭሎን ውስጥ ያለው ሴትሪማይድ፣ የዓይን ጠብታን ከብልሽት የሚጠብቀው ቤንዛልኮኒየም ክሎራይድ፣ በመርፌ መድኃኒቶች ውስጥ የሚገባው ፖሊሶርቤት 80፣ በሻምፑና በጥርስ ሳሙና ውስጥ የሚገኘው ሶዲየም ዶዴሲል ሰልፌት ሁሉም የዚሁ ቤተሰብ አባላት ናቸው። የሰው አካል ራሱ በሐሞት ጨዎች አማካይነት የራሱን ሰርፋክታንት ያመርታል። እያንዳንዱ ሞለኪውል ውኃ የሚወድ ራስና ውኃ የሚሸሽ አካል አለው። መጠኑ ጥቂት ሲሆን ሞለኪውሎቹ በየብቻቸው ይዋኛሉ፤ መጠኑ አንድ ደረጃ ላይ ሲደርስ ግን ጅራታቸውን ወደ ውስጥ፣ ራሳቸውን ወደ ውጭ አድርገው ማይሴል የሚባል ክብ ጉባኤ ይሠራሉ። ለሶዲየም ዶዴሲል ሰልፌት ይህ መነሻ ደረጃ በ25 ዲግሪ ሴልሺየስ 8 ሚሊሞል በሊትር ገደማ ነው።

እንግዲህ በሊትር 5 ሚሊሞል የቤታ ቀለበት ወደሚገኝበት ውኃ ይኸው ሰርፋክታንት ቀስ በቀስ ይጨመር። ቀድመው የሚገቡት ጅራቶች ውኃውን ሸሽተው ቀለበት ውስጥ ይገባሉ። ቀለበት ውስጥ ያለ ጅራት ጉባኤ አይጠራም፤ ስለዚህ ማይሴል የሚጀምረው ቀለበቶቹ ከተያዙ በኋላ ነው። መነሻውም ከ8 ተነሥቶ ወደ 13 ሚሊሞል ይጠጋል። ሥዕሉ ይህን ያህሉን ያስረዳል፤ ለተማሪም ይህን ያህሉን ማስረዳቱ የሚናቅ አገልግሎት አይደለም።

ችግሩ የሚጀምረው ሥዕሉ አንድ ቀለበትና አንድ ጅራት ብቻ በማሳየቱ ነው። ይህ ለውበት የተደረገ ምርጫ ይመስላል፤ ነገር ግን ሳይነገር የቀረበ መላምት ነው። አሥራ ሁለት የካርቦን አቶሞች ያሉት ጅራት ሲዘረጋ ርዝመቱ 1.67 ናኖሜትር ያህል ይሆናል፤ የቀለበቱ ቁመት ደግሞ 0.79 ብቻ ነው። አንድ ቀለበት የሚሸፍነው የጅራቱን ግማሽ ያህል ነው፤ የቀረው ግማሽ ለሁለተኛ ቀለበት ይበቃል። በእርግጥም ቀለበት በተትረፈረፈበት ውኃ ውስጥ አንዱ ጅራት ሁለት ቀለበቶችን እንደ ጨሌ ለብሶ ይገኛል። ከላይ በተጠቀሰው ምሳሌ እያንዳንዱ ጅራት ሁለት ሁለት ቀለበት ይወስድ ቢሆን ኖሮ፣ የማይሴሉ መነሻ ወደ 13 ሳይሆን ወደ 10.5 ሚሊሞል ብቻ ይገፋ ነበር። አንድ ለአንድ ነው ወይስ ሁለት ለአንድ የሚለው ጥያቄ እንግዲህ የሥዕል ጥያቄ ሳይሆን የስሌት ጥያቄ ነው።

የቁርኝቱ ጥንካሬ የሚለካበት ቋሚ ቁጥርም ከዚሁ ችግር አላመለጠም። ለዚሁ ለአንድ ዓይነት ቀለበትና ለአንድ ዓይነት ሰርፋክታንት በተለያዩ ጊዜያት የታተሙት ቁጥሮች በብዙ እጥፍ ይለያያሉ። ልዩነቱ የላቦራቶሪ ግድየለሽነት ውጤት ብቻ አይደለም። አንዱ የውኃውን የገጽ ውጥረት ይለካል፤ ሌላው የኤሌክትሪክ አስተላላፊነቱን፤ ሦስተኛው የሚፈጠረውን ሙቀት። አንዱ ሁለተኛውን ቀለበት በስሌቱ ውስጥ ያስገባል፤ ሌላው ይተወዋል። ሁለተኛውን ቀለበት የተወ ተመራማሪ የሁለቱን ሥራ ለአንዱ ደምሮ ያስቆጥራል። ሆኖም እነዚህ ቁጥሮች ከመጀመሪያው ጽሑፍ ወደ ግምገማ ጽሑፍ፣ ከግምገማው ወደ መማሪያ መጽሐፍ ሲሻገሩ የተለኩበት ሁኔታ በመንገድ ላይ ይቀራል፤ የሚደርሰው ቁጥሩ ብቻ ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚከፋው ግን ሌላ ነው። የማይሴል መነሻን የሚከታተል ሙከራ በባሕርይው ሰርፋክታንቱ ከቀለበቱ የሚበልጥበት ሙከራ ነው፤ ጅራቱ ብዙ፣ ቀለበቱ ጥቂት ነው። በመድኃኒት ብልቃጥ ውስጥ ያለው ሁኔታ በአብዛኛው የዚህ ተቃራኒ ነው። እዚያ ቀለበቱ ብዙ፣ ጅራቱ ጥቂት ነው። በአንደኛው ዓለም የተለካ ቁጥር በሁለተኛው ዓለም ያለማንገራገር ሲነገር፣ አንድ ጠርሙስ ውኃ ላይ የተሠራ ስሌት ለአንድ ኩሬ እንደ መጠቀም ይሆናል።

ነገሩን በዓይን ጠብታ ማየት ይቻላል። ብዙ ጊዜ የሚከፈት የጠብታ ጠርሙስ በጀርም እንዳይበከል 0.01 በመቶ ቤንዛልኮኒየም ክሎራይድ ቢጨመርበት፣ ይህ በሊትር 0.28 ሚሊሞል ገደማ ነው። መድኃኒቱን ለማሟሟት 5 በመቶ ሃይድሮክሲፕሮፒል ቤታ ሳይክሎዴክስትሪን ቢገባበት ደግሞ በሊትር 36 ሚሊሞል ያህል ቀለበት ይኖራል። ለአንድ የቤንዛልኮኒየም ሞለኪውል ከ120 በላይ ቀለበቶች አፋቸውን ከፍተው ይጠብቁታል ማለት ነው። የቁርኝቱ ቋሚ ቁጥር ለምሳሌ ያህል 1000 ቢሆን፣ ከመቶው 97 እጅ በቀለበት ተይዞ ነጻ የሚቀረው 3 እጅ የማይሞላ ይሆናል። ባክቴሪያውን የሚገድለው ደግሞ በዋናነት ነጻው ነው። እርግጥ ነው፣ ቀለበቶቹን መድኃኒቱ ራሱ በከፊል ስለሚይዛቸው እውነተኛው ቁጥር ከዚህ ሊሻል ይችላል፤ ቤንዛልኮኒየም የዓይንን ገጽ የሚቆጣ በመሆኑም ጥቂቱ መታሰሩ ለታካሚው እፎይታ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን በጠርሙሱ ላይ የተጻፈው 0.01 በመቶ በጠርሙሱ ውስጥ የሚሠራው 0.01 በመቶ አለመሆኑን ከሥዕሉ ማንም ሊገምት አይችልም። ፓራቤን የሚባሉት ከብልሽት ጠባቂዎችም ሰርፋክታንት ባይሆኑም በዚሁ መንገድ ኃይላቸውን እንደሚያጡ ከታወቀ ቆይቷል።

በቀዶ ሕክምና ክፍል የሠራ ሰው ይህን መሰሉን ነገር ከሌላ አቅጣጫ ያውቀዋል። በሳሙና የታጠበ ገጽ በደንብ ሳይለቀለቅ ሳቭሎን ቢፈስበት፣ የሳሙናው አሉታዊ ራስና የሴትሪማይዱ አዎንታዊ ራስ ተያይዘው የጀርም መግደያው ኃይል ይመክናል። እዚያ ሥራውን የሚሠራው የኤሌክትሪክ ሙል ነው፤ እዚህ ደግሞ የጅራቱ ከውኃ መሸሽ ነው። መንገዱ ይለያይ እንጂ ውጤቱ አንድ ነው፦ ሁለት ጠቃሚ ነገሮች በአንድ ዕቃ ውስጥ ሲገናኙ አንዱ ሌላውን ሥራ ያስፈታዋል። የሳቭሎኑን ጉዳይ ነርስ ሁሉ በሥልጠና ላይ ይማረዋል፤ የቀለበቱን ግን የሚያስተምር ብዙም የለም።

ማሟሟትን በተመለከተም ተመሳሳይ የዋህነት ይታያል። ቀለበት ብቻውን መድኃኒት ያሟሟል፤ ሰርፋክታንትም ብቻውን ያሟሟል፤ እንግዲያው ሁለቱ ሲደመሩ እጥፍ ያሟሟሉ የሚል ግምት በቀላሉ ይመጣል። በውኃ ውስጥ ግን መደመር ሳይሆን ብዙ ጊዜ መቀናነስ ይሆናል። ጅራቱ መድኃኒቱን ከቀለበቱ ገፍቶ ያስወጣዋል፤ በቀለበት የተያዘው ጅራትም ማይሴል ስለማይሠራ መድኃኒቱ የሚጠጋበት ሌላ ቦታ ያጣል። ማይሴሎች በብዛት እስኪወለዱ ድረስ የመድኃኒቱ የመሟሟት መጠን ከሁለቱ ድምር በታች ሆኖ ይቆያል። ሥዕሉ ተፎካካሪን ስለማያሳይ ይህን ሊተነብይ አይችልም።

ከዚህ ሥዕል የተወለደ አንድ የተለመደ አባባልም አለ፤ ሳይክሎዴክስትሪን የሰርፋክታንትን ጉባኤ ይበትናል የሚል። በቀጭን ውኃ ውስጥ ይህ እውነት ነው። ከ2010 እ.ኤ.አ. ወዲህ የታተሙ ሥራዎች ግን በወፍራም ውኃ ውስጥ ሌላ ነገር አሳይተዋል። ሁለት የቤታ ቀለበት ለብሰው የተሸፈኑት የዶዴሲል ሰልፌት ጅራቶች ጎን ለጎን ተደርድረው ንጣፎችንና ጥቃቅን ቱቦዎችን ይሠራሉ። እዚህ ሰብሳቢው የጅራቱ ውኃን መሸሽ አይደለም፤ ጅራቱ ተሸፍኗልና። የሚሰበስባቸው የቀለበቶቹ ውጫዊ ገጽ እርስ በርስ በሃይድሮጅን ትስስር መያያዙ ነው። በሥዕሉ ላይ ውኃ ወዳድና ሰላማዊ ሆኖ የተቀባው የባልዲው ግድግዳ የራሱ ጠባይ አለው ማለት ነው። ተራው ቤታ ቀለበት ከአልፋና ከጋማ በተለየ በውኃ ውስጥ በጥቂቱ ብቻ፣ በሊትር 18.5 ግራም ያህል የሚሟሟውም የራሱ ቀለበቶች በዚሁ ዓይነት ትስስር ስለሚጣበቁ ነው። ለዚህም ነው ለመርፌ የሚውሉት ዓይነቶች በግድግዳቸው ላይ ተጨማሪ ቅጥያ የሚደረግላቸው። ቅጥያው በየቀለበቱ ላይ በእኩል ቁጥር ስለማይገባ በብልቃጡ ውስጥ ያለው አንድ ሞለኪውል ሳይሆን የብዙ ወንድማማቾች ድብልቅ ነው፤ ሥዕሉ አሁንም አንድ ንጹሕ ባልዲ ያሳያል።

ባዶ ነጭ ሆኖ የቀረው የሥዕሉ ዳራም ባዶ አይደለም፤ ውኃ ነው። እንግዳው ከመግባቱ በፊት በቀለበቱ ውስጥ ያሉት የውኃ ሞለኪውሎች እንደ ውጭዎቹ በሙሉ ልብ እርስ በርስ መያያዝ የማይችሉ እስረኞች ናቸው። እንግዳው ሲገባ እነርሱ ነጻ ይወጣሉ፤ የቁርኝቱም ኃይል አንዱ ምንጭ ይኸው ነው። ጅራቱን የሚጎትተው ቀለበቱ ብቻ ሳይሆን የሚያባርረውም ውኃው ነው ማለት ይቻላል።

ወደ ሕክምናው ይበልጥ የሚቀርበው የሥዕሉ ጉድለት ጊዜን አለማሳየቱ ነው። ቀስቱ ወደ አንድ አቅጣጫ ያመለክታል፤ እንግዳው ግን በሰከንድ ውስጥ እጅግ ብዙ ጊዜ ይገባል፣ ይወጣል። የታሰረ የሚባለው በማንኛውም ቅጽበት ውስጥ የሚገኘው ድርሻ ነው እንጂ ተቆልፎ የተቀመጠ አይደለም። ቋሚ ቁጥሩ 1000 የሆነ መድኃኒት 100 ሚሊሞል ነጻ ቀለበት ባለበት ብልቃጥ ውስጥ 99 በመቶ የታሰረ ነው። ይኸው በደም ውስጥ አንድ ሺህ ጊዜ ቢቀጥን ከመቶው የሚታሰረው 9 እጅ ብቻ ይሆናል። ይህ ለአብዛኞቹ መድኃኒቶች መልካም ዜና ነው፤ መድኃኒቱ ከመርፌው እንደወጣ ቀለበቱን ትቶ ይሄዳል። አገልግል ቢሆን ኖሮ ሕመምተኛው የሚጠቀመው ነገር ባልነበረም።

ሥዕሉን በጥብቅ ሊከላከል የሚፈልግ ሰው ሱጋማዴክስን ይጠቅሳል፤ መከራከሪያውም ጠንካራ ነው። ይህ መድኃኒት የጋማ ቀለበት ሆኖ በስምንቱ ስኳሮች ላይ በተቀጠሉ ክንዶች ቁመቱ ወደ 1.1 ናኖሜትር እንዲረዝም የተደረገ ነው። ጡንቻን የሚያዝለውን ሮኩሮኒየም እቅፍ አድርጎ ይይዛል። ቋሚ ቁጥሩ ከአሥር ሚሊዮን በላይ በመሆኑ ከላይ ያለው ማቅጠን ብዙም አይፈታውም። በአውሮፓ በ2008፣ በአሜሪካ ደግሞ በ2015 እ.ኤ.አ. ፈቃድ ያገኘው ይህ መድኃኒት በሥዕሉ ላይ ያለውን ባልዲ በሥጋና በደም ያሳየ ይመስላል።

ነገር ግን ተፎካካሪ እዚህም አለ። የጡት ካንሰር መድኃኒት የሆነው ቶሬሚፊንና ፀረ ባክቴሪያው ፉሲዲክ አሲድ ቀለበቱን ሊሻሙ እንደሚችሉ የመድኃኒቱ መግለጫ ያስጠነቅቃል፤ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ፉሲዲክ አሲድ በደም ሥር የወሰደ ሰው የጡንቻው ማገገም ጥቂት ሊዘገይ ይችላል። የፉሲዲክ አሲድ ጉዳይ በአጋጣሚ የመጣ አይደለም። ሞለኪውሉ በአወቃቀሩ የሐሞት ጨዎችን ይመስላል፤ በውኃ ውስጥም እንደ እነርሱ ማይሴል ይሠራል። በሙከራ ጠርሙስ ውስጥ በሰርፋክታንትና በቀለበት መካከል የታየው ሽሚያ በቀዶ ሕክምና ጠረጴዛ ላይ ተመልሶ መጣ ማለት ነው። የማይሴልን ኬሚስትሪ ከክሊኒክ የራቀ የመጻሕፍት ወሬ አድርጎ የሚያይ ባለሙያ ይህን ልብ ሊለው ይገባል።

በአፍ የሚሰጡ መድኃኒቶችም ወደ ትንሹ አንጀት ሲደርሱ የሚጠብቃቸው የሐሞት ጨው ነው። የሐሞት ጨዎች ቤታ ቀለበትን ይወዳሉ፤ ኬኖዲኦክሲኮሌት የሚባለው ዓይነት ደግሞ ከኮሌት እጅግ አጥብቆ ይይዘዋል። በቀለበት የተሟሟ መድኃኒት እዚያ ሲደርስ ቦታውን ሊለቅ፣ ከለቀቀ በኋላም በሐሞቱ ማይሴሎች ውስጥ ሊጠጋ ወይም ሊዘቅጥ ይችላል። የትኛው እንደሚሆን የሚወስነው የሦስቱ መጠን እንጂ የቀለበቱ ቅርጽ ብቻ አይደለም። የብልቃጡን ንጹሕ ውኃ ብቻ የለካ ጥናት ስለ አንጀት የሚናገረው ጥቂት ነው።

ሥዕሉ ካደረሳቸው ጉዳቶች ሁሉ ሥር የሰደደው ግን ቋንቋ ውስጥ ነው የሚገኘው። ባልዲ ዕቃ ነው፤ ዕቃ ደግሞ አይሠራም፣ ይይዛል እንጂ። ስለዚህ ሳይክሎዴክስትሪን በመድኃኒት ዝርዝር ላይ ሥራ ፈት ንጥረ ነገር ተብሎ ይመዘገባል። መጠኑን ማየት ይበቃል። አንድ የቮሪኮናዞል መርፌ ብልቃጥ 200 ሚሊግራም መድኃኒትና 3200 ሚሊግራም ሰልፎቡቲል ኤተር ቤታ ሳይክሎዴክስትሪን ይይዛል። 60 ኪሎ የሚመዝን ታካሚ በመጀመሪያው ቀን በኪሎ 6 ሚሊግራም ሁለት ጊዜ ሲወስድ 720 ሚሊግራም ቮሪኮናዞልና ከ11 ግራም በላይ ቀለበት በደም ሥሩ ይገባል። በሞለኪውል ቁጥር ሲታይ ለአንድ መድኃኒት ሁለት ተኩል ያህል ቀለበት ነው፤ ብዙዎቹ ባዶአቸውን ይገባሉ። በአፍ የሚሰጠው የኢትራኮናዞል ፈሳሽ ደግሞ በአንድ ሚሊሊትር 10 ሚሊግራም መድኃኒትና 400 ሚሊግራም ቀለበት አለው፤ 200 ሚሊግራም የታዘዘለት ሰው 8 ግራም ስኳር መሰል ነገር ይጠጣል። ይህ ቀለበት በአንጀት በኩል ወደ ደም የሚገባው እጅግ ጥቂቱ ስለሆነ ቀሪው ወደ ትልቁ አንጀት ወርዶ ሊያስቀምጥ ይችላል። ተቅማጥ ያጋጠመውን ታካሚ የሚያይ ባለሙያ መድኃኒቱን ብቻ ሳይሆን ዕቃውንም ሊጠረጥር ይገባል።

እዚህ ላይ ፍትሐዊ ለመሆን ሁለቱንም ጽንፍ ማየት ያስፈልጋል። በ1957 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ግምገማ ቀለበቶቹ ለአይጦች መርዝ እንደሆኑ የሚጠቁም ነገር በማስፈሩ ነገሩ ለዓመታት ተፈርቶ ቆየ፤ በኋላ ጥፋቱ የቀለበቱ ሳይሆን አብሮት የቀረው ቆሻሻ ሳይሆን እንደማይቀር ታመነ። ተራው ቤታ ቀለበት በደም ሥር ሲሰጥ ኩላሊትን እንደሚጎዳ ግን እውነት ነው፤ ስለዚህም ለመርፌ አይውልም። የቮሪኮናዞል መግለጫ የክሬቲኒን ማጣሪያቸው በደቂቃ ከ50 ሚሊሊትር በታች ለሆነ ሕመምተኞች በአፍ የሚሰጠው እንዲመረጥ የሚመክረው ቀለበቱ በኩላሊት ስለሚወጣና ስለሚጠራቀም ነው። ከኮቪድ ወረርሽኝ ጋር የመጣው ሬምዴሲቪርም በእያንዳንዱ 100 ሚሊግራም የዱቄት ብልቃጥ 3 ግራም ይህንኑ ቀለበት ይዞ ስለነበር ኩላሊታቸው በጣም ለደከመ ሰዎች አይመከርም ነበር፤ ልምድ ከተሰበሰበ በኋላ ግን በ2023 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ገደቡን አነሣው። ፍርሃቱም እምነቱም በቁጥር ሲመዘኑ እንጂ በሥዕል ሲታዩ አይዳኙም።

ቀለበቱ ሰርፋክታንትን ተክቶ በጎ የሠራበት ጊዜም አለ። በደም ሥር የሚሰጠው የቆየ የአሚዮዳሮን ቅንብር ፖሊሶርቤት 80 ይዟል፤ ይህ ሰርፋክታንት ራሱ የደም ግፊትን ሊያወርድ ይችላል። በ2008 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የተፈቀደው ሌላ ቅንብር በሰርፋክታንቱ ቦታ ሰልፎቡቲል ኤተር ቀለበትን አስገብቷል። የልብ ምት መዛባትን ለማከም የተሰጠ መርፌ በማሟሟያው የተነሣ ግፊት ሲያወርድ ያየ ሐኪም የዚህን ጥቅም ያውቃል።

ሆኖም ባልዲው የታካሚውንም ንብረት ሊወስድ እንደሚችል መዘንጋት አይገባም። የሕዋስ ሽፋን ኮሌስትሮል ለቤታ ቀለበት ጥሩ እንግዳ ነው። ሰርፋክታንት ቀይ የደም ሕዋስን ሲያፈርስ ወደ ሽፋኑ ሰርጎ በመግባት ነው፤ ቀለበቱ ግን ከሽፋኑ እየመዘዘ በማውጣት ነው። ይህ ችሎታ ኒማን ፒክ ሲ የተባለውን፣ ኮሌስትሮል በሕዋስ ውስጥ የሚጠራቀምበትን ሕመም ለማከም ተስፋ ሰጥቶ ነበር፤ በሕክምና ሙከራዎቹ ላይ ግን የመስማት ችሎታ መጎዳት ታይቷል። ሥራ ፈት የተባለ ንጥረ ነገር ጆሮን ሲያደነቁር የመዝገቡ ስያሜ መፈተሽ ነበረበት።

ሥዕሉን ማሻሻል አስቸጋሪ አይደለም። ቀስቱ በሁለቱም አቅጣጫ ቢያመለክት፤ ባልዲው ታች እንደሌለው ቢታይ፤ በዙሪያው ባዶ ቀለበቶችና ሌሎች እንግዶች ቢሣሉ፤ ከሥሩም የእያንዳንዳቸው መጠን ቢጻፍ የዛሬውን ያህል አያምርም፤ ለፈተናም ለመሸምደድ አይመችም። መጠን የተጻፈበት ሥዕል ግን የዓይን ጠብታ ቀማሚውን ስለ ቤንዛልኮኒየሙ፣ ሰመመን ሰጪውን ስለ ፉሲዲክ አሲዱ ያስጠይቃቸዋል።

ሰመመን ሰጪውን የሚመለከት ሌላም እንግዳ አለ። ሱጋማዴክስ የተሠራው የስቴሮይድ አካል ያለውን ሮኩሮኒየምን ለመያዝ ስለሆነ፣ ስቴሮይድ የሆነውን የፕሮጄስትሮን መሰል የወሊድ መቆጣጠሪያ ሆርሞንም በከፊል ሊይዝ ይችላል። የአውሮፓ መግለጫው በኪሎ 4 ሚሊግራም ሱጋማዴክስ የሆርሞኑን መጠን በ34 በመቶ ሊቀንስ እንደሚችል በስሌት ገምቷል፤ ይህም አንድ ቀን እንክብል እንደመርሳት ይቆጠራል። በመርፌ ወይም በክንድ ቆዳ ሥር በሚቀበር መቆጣጠሪያ ለምትጠቀም ሴት ደግሞ ለ7 ቀናት ሆርሞን አልባ ተጨማሪ መከላከያ እንድትጠቀም ይመከራል። በኢትዮጵያ ከሁሉ የበለጠ ጥቅም ላይ የሚውሉት የወሊድ መቆጣጠሪያዎች እነዚሁ መርፌና በክንድ የሚቀበሩት ናቸው። በመሆኑም ሱጋማዴክስ በገባበት የቀዶ ሕክምና ክፍል ሁሉ ምክሩ ታካሚዋ ነቅታ ወደ ቤቷ ከመሸኘቷ በፊት ሊነገራትና በመውጫ ወረቀቷ ላይ ሊሰፍር ይገባል።